ዳክዬዎቹን ከመጨለሙ በፊት

ባሕር ዳር ላይ፣ በጣና ዳር ዳክዬ ለሚያሳድጉ ሰዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ።

ፕሮግራሙ 10 ሰዓት ላይ ይጀመር ያልኩት እኔ ነኝ። አዘጋጆቹ «ገና ፀሐይ ነው፣ ሰው አይመጣም፣ 11 ተኩል እናድርገው» ብለው ነበር። እምቢ አልኩ። የብዙዎቻችሁ ግቢ ውስጥ ዳክዬ አለ። 12 ሰዓት ላይ ቤታችሁ መገኘት አለባችሁ። ዛሬ የማወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ሰዓት ላይ ነው የሚያርፈው።

እስቲ መጀመሪያ እንተዋወቅ። ለሥጋ ብሎ ዳክዬ የሚያረባ እጁን ያውጣ። ማንም የለም። ለእንቁላል? ሁለት፣ ሦስት። ለደስታ፣ ለግቢ ውበት፣ ልጆች ለምነውት? አሁን ሁሉም እጅ ወጣ። እንደጠረጠርኩት ነው። በአብዛኞቻችን ቤት የዳክዬ ሥጋ ማዕድ ላይ አይቀርብም። ስለዚህ ዳክዬ ሲሞት ኪሳራውን በብር አስልተን አንረሳውም። ስም የወጣለት ነው። ልጅ ያለቅስበታል። «ሌላ እንገዛልሃለን» ቢባል ልጁ አይሰማም።

አብዛኞቻችሁ ዳክዬዎቻችሁን ቀኑን ሙሉ ትለቋቸዋላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ዳክዬ ሣር ይነጫል፣ ትል ይለቅማል፣ ቀንድ አውጣ ካገኘ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይተዋል። ተዘግቶ የሚኖር ዳክዬ ጭቃ ያቦካል፣ ይረብሻል፣ ያሳዝናል። እኔም «ዝጉባቸው» ልላችሁ አልመጣሁም። የምለው አንድ ነገር ነው። ቀን ልቀቁ፤ ማታ ግን ድርድር የለም። አዳኙን ከጣና ዳር ማጥፋት አይቻልም። በእጃችን ያለው ሰዓቱ ነው።

ለምን አይቻልም? ያለንበትን ቦታ አስቡት። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውሃ ነው። ዳሩ ደንገል ነው፣ ሸምበቆ ነው፣ ረግረግ ነው። ከዘጌ ጫካ እስከ ዓባይ መውጫ ድረስ ዛፍ አለ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ሰውም አውሬም አብረው የሚኖሩበት ክልል ነው ማለት ነው። እኛ ግቢ የምንለው ለእነሱ መተላለፊያ ነው። ዳክዬዎቻችንን የለቀቅነው ሌሊት ሌሊት ሌላ ባለቤት ያለው ቦታ ላይ ነው።

ባለቤቶቹን ላስተዋውቃችሁ።

ከሁሉም በላይ መፍራት ያለባችሁ ሸለምጥማጥን ነው። ብዙ ሰው ስሙን ያውቃል፣ መልኩን ግን አላየውም። ቁመቱ ከድመት አይበልጥም። ሰውነቱ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጠቃጠቆ አለበት። ጅራቱ ላይ ጥቁርና ነጣ ያለ ቀለበት ተደርድሯል። ቀን ዛፍ ላይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ማታ ይወጣል። ግድግዳ ይወጣል፣ ጣራ ላይ ይሄዳል። ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ሌላውን አካሉን ያሳልፈዋል። አንዴ ከገባ ደግሞ አንድ ገድሎ አይወጣም። ዳክዬዎቹ ሲደናገጡና ሲራወጡ እሱም ያብዳል፤ የደረሰበትን ሁሉ ይነክሳል። የሚበላው ትንሽ ነው፣ የሚገድለው ብዙ።

ባለፈው ሽምብጥ አካባቢ አንዲት እናት «ጅብ ፈጀብኝ፣ ና እይልኝ» ብለው ጠሩኝ። ሄድኩ። አራት ዳክዬ ነበራቸው። ሦስቱ ቤቱ ውስጥ ሞተው ተጋድመዋል። አራተኛዋ ጥግ ላይ ተለጥፋ ቆማለች፤ ብነካትም አትንቀሳቀስም። የሞቱትን ገልበጥ አድርጌ አየሁ። የሁለቱ አንገት ተነክሷል፣ ደም ብዙም የለም። የሦስተኛው ጭንቅላቱ የለም። ሌላው ሥጋ አልተነካም። እናትየው ከጎኔ ቆመው ይረግማሉ። «እማማ፣ ጅብ ቢሆን ኖሮ ሬሳ አያስተርፍልዎትም ነበር» አልኳቸው። ጅብ ከነላባው ነው የሚወስደው። በሩም እንደተቆለፈ ነው። እሳቸው ግን ጧት በማለዳ ገበያ ሄደው ትልቅ ጓጉንቸር ገዝተው ተመልሰዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ወንበር አስመጣሁና ቤቱን ከላይ በኩል አየሁት። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ቆርቆሮ ክዳን። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በሞገዱ መካከል ቀዳዳ ይተዋል። አንዱ ጥግ ላይ ማገሩ ዝቅ ብሎ ቀዳዳው ሰፍቷል። አራት ጣቴን አስገባሁ፣ ገባ። የቆርቆሮው ጫፍ ላይ ግራጫ ፀጉር ተጣብቋል። ሌባው በዚያ ነው የገባው። እኔ ብዙ ቤት አይቻለሁ። ከአሥሩ ስምንቱ በሩ ላይ ይጨነቃል። ቀዳዳው ያለው ግን ክዳኑ ስር ነው።

ስለዚህ ማለዳ ሞቶ ስታገኙት ወዲያው አትቅበሩት። እየከበዳችሁም ቢሆን እዩት። የሞተው ዳክዬ ማን እንደመጣ ይናገራል።

ብዙ ሞቶ ምንም ካልተበላ፣ ላባው በየቦታው ከተበተነ፣ ሰውነቱ ከተቦጫጨቀ፣ ውሻ ነው። ስለ ውሻ ማውራት ደስ አይለንም፤ የሰፈር ውሻ ነዋ፣ እናውቀዋለን፣ ትርፍራፊ እንሰጠዋለን። ነገር ግን ዳክዬ ሲሮጥ ውሻ ማሳደድ ነው የሚቀናው። ለጨዋታ ይጀምረዋል፣ በሞት ይጨርሰዋል። ርቦት ስላልሆነ ጥሎት ይሄዳል። በቀን ብርሃንም የሚያጠቃ እሱ ነው። አጥራችሁ ስር ያለችውን ጉድጓድ ሂዳችሁ እዩ። አፈሩ ልስልስ ብሎ ከሆነ በዚያ ነው የሚመላለሰው።

አንድ ቦታ ላይ ክብ ሆኖ የተነጨ ላባ ካያችሁ ወፍ ነው። የሰማይ አዳኝ ከመብላቱ በፊት ላባ ይነጫል። ምንም ዓይነት ምልክት ሳይኖር ጫጩት ብቻ ከጎደለ ጭልፊትን ጠርጥሩ። ትልቅ ዳክዬ ያለ ምንም ምልክት ከጠፋ ደግሞ ቀበሮ ሊሆን ይችላል። የሰው እጅም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ጫጩት ተጎትቶ ግድግዳ ስር ወዳለ ጉድጓድ ከገባ አይጥ ነው። አይጥን አትናቁ። አንድ ሌሊት ውስጥ አንድ እናት የፈለፈለችውን ሊጨርስ ይችላል።

እንቁላል በጠራራ ፀሐይ ከጠፋ አርጃኖ ነው። ወይም ፋሮ፤ ያ እግሩ አጭር፣ ጅራቱ ረጅም የሆነው። ቁራም እንቁላል ይወስዳል። አርጃኖን ግን ጣና ዳር የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሰው ሲያይ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሲያድግ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ይዋኛል፣ ይቆፍራል፣ ዛፍም ይወጣል። የተሰነጠቀ ምላሱን እያወጣ እያስገባ ነው ሽታ የሚከተለው። የተደበቀ ጎጆ እናንተ ሳታገኙት እሱ ያገኘዋል። ትልቅ ዳክዬ አይደፍርም፤ እንቁላልና ጫጩት ግን ከእሱ አይተርፍም። የእሱ ሰዓት ቀን መሆኑ ነው የሚለየው። ማታ ዘግታችሁ እሱን አትከላከሉትም። እሱን የምትከላከሉት እንቁላሉን ማለዳ በማንሳትና ግቢ ውስጥ የተከመረ ድንጋይና ቁጥቋጦ በማጽዳት ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ።

ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው። ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል። ሸለምጥማጥ፣ ጥርኝ፣ ቀበሮ፣ ጅብ፣ ሁሉም ሥራ የሚጀምሩት እዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። እኛስ የት ነን? ሐይቅ ዳር እየተንሸራሸርን ነው። ቡና ላይ ነን። ታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። «አሁን እዘጋዋለሁ» ብለን ስልክ እያነሳን ነው። አውሬው ሰዓት ያከብራል፣ እኛ አናከብርም። ክርክሬ ይኼው ነው።

ዳክዬ እንደ ዶሮ ሲመሽ ራሱ ቆጥ ላይ አይወጣም። አንዳንዱ ቤቱን ለምዶ ይገባል፤ ብዙው ግን ካላስገቡት ውጭ ያድራል፣ ሣር ላይ ተኝቶ። ውሃ ላይ የሚያድርም አለ። «ውሃ ላይ ምን ያገኘዋል?» ትሉኛላችሁ። ግቢ ውስጥ በተቆፈረች ኩሬ ከሆነ ውሻ ዘሎ ይገባል። ሐይቁ ላይ ከሆነ ደግሞ ዘንዶ ይዋኛል። ትልቅ አምባዛ ዓሣ የውሃ ወፍ ጫጩት ይውጣል። ዓባይ መውጫ አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ ሲወጣ የሚያጋጥመውን ሁሉ ይበትናል።

ዳክዬ ሌሊት ምንም አይጠብቅም ማለቴ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. የኢንዲያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተርታ የተኙ ዳክዬዎችን ሲያጠኑ አንድ ነገር አገኙ። መሐል ያሉት ባብዛኛው ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው ይተኛሉ። ዳር ያሉት አንዱን ዓይን ገልጠው፣ ግማሹን አእምሮ አንቅተው የሚተኙበት ጊዜ ይበዛል። የተገለጠው ዓይን ወደ ውጭ የሚያየው ነው። ዘበኛ ያቆማሉ ማለት ይቻላል። ብቻውን ያለ ዳክዬ ግን በአራቱም በኩል ዳር ነው። ስለዚህ አንድ ዳክዬ ብቻ አታሳድጉ፤ ቢያንስ ሦስት አራት ይሁኑ። ይህን ስል ግን ዘበኛው ጥርስም ጥፍርም እንደሌለው አትርሱ። አይቶ መጮህ ነው የሚችለው። ያውም ውፍረት ያለው የቤት ዳክዬ አይበርም።

እንዴት እናስገባቸው? ማሳደድ አያስፈልግም። ዳክዬ ተሰብስቦ የሚሄድ ፍጡር ነው፤ አንዱ ከገባ ሌላው ይከተላል። አንድ ጣሳ ያዙ። ስንዴ ወይም የተከካ በቆሎ ጨምሩበት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ 11 ተኩል ላይ በሉት፣ እያንሿሿችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ። የማታውን እህል ቤቱ ውስጥ ብቻ ስጧቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ልጆች ረጅም ሸምበቆ ይዘው ከኋላ ቀስ ብለው ይከተሏቸው። አይምቷቸው፤ ሸምበቆው መንገድ ማሳያ ነው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ጣሳውን ስታነሱ እነሱ ቀድመዋችሁ በሩ ላይ ናቸው። አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ እየተገፋፉ፣ በአንድ ድምፅ እየጮሁ። ከዚያ ቁጠሩ። በየማታው ቁጠሩ። አንድ ጎድሎ ከሆነ ገና ብርሃን እያለ ፈልጉት።

በዓል ቀን ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ከተራ ስትሉ ሰፈሩ ሁሉ ታቦት አጅቦ ይወርዳል፣ ቤት የሚቀር ሰው የለም። ተመልሰን ስንመጣ ጨልሟል። የዚያን ቀን በ8 ሰዓትም ቢሆን ዝጓቸውና ሂዱ። ውሃ አስቀምጡላቸው። ይጮሃሉ፣ ያኮርፋሉ፣ ምንም አይሆኑም።

ማለዳስ? ማለዳ ደግሞ አትቸኩሉ። ዳክዬ እንቁላሉን የሚጥለው በአብዛኛው ሌሊት መጨረሻ ላይና ማለዳ ነው። እስከ 2 ሰዓት ድረስ ብታቆዩአቸው እንቁላሉ ቤት ውስጥ ይቀራል። አርጃኖም ቁራም አያገኘውም። ጎህ ሲቀድ ወደ ጎሬው የሚመለሰው አውሬም አልፎ ሄዷል። አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ጥቅም።

ስለ ቤቱ ብዙ አላወራም፤ ለአንድ ዳክዬ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ወለል ይበቃዋል። ዳክዬ ብዙ እርጥበት ስለሚያወጣ አየር ማስገቢያ ከላይ በኩል ይኑረው። ወለሉ ላይ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አድርጉ፣ ሲረጥብ ቀይሩ። ዳክዬ መሰላል አይወድም፤ በሩ መሬት ላይ ሰፋ ብሎ ይሁን።

ሽቦው ላይ ግን ቆም ልበል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ስስ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ የተሠራ ነው። ውሻ እንዳይገባ አልተሠራም። ውሻ በጥርሱ ይዘለዝለዋል። በአህያ ቆዳ የተሠራ ቤት ጅብ ሲጮህ ይፈርሳል ይባል የለ? በብየዳ የተያያዘውን፣ ካሬ ካሬ የሆነውን ሽቦ ግዙ። ቀዳዳው ከአውራ ጣት ጥፍር አይብለጥ፤ ያን ጊዜ አይጥም አያልፍም። ዋጋው ከፍ ይላል። ግድግዳውን በሙሉ በሽቦ ለምን ትሠራላችሁ? ጭቃ ወይም ብሎኬት አድርጉና ሽቦውን አየር ማስገቢያው ላይ ብቻ ተጠቀሙ። ያኔ ጥቂት ነው የሚያስፈልጋችሁ። ከቆርቆሮው ስር ያሉትን ቀዳዳዎች በዚያው ሽቦ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑ።

አዳኝ የሚቆፍረው ግድግዳው ስር ተጠግቶ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ስር ጀምራችሁ ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር ያህል ሽቦ መሬት ላይ አንጥፉ። አፈር አልብሱት፣ ሣር ይብቀልበት። መጥቶ ሲቆፍር ሽቦ ያገኛል። ወደ ኋላ ሄዶ ልቆፍር ብሎ አያስብም።

መቀርቀሪያው ደግሞ በግፊት የሚከፈት አይሁን። ብዙ በር አያለሁ፣ በገመድ የታሰረ፣ ወይም በድንጋይ የተደገፈ። ድንጋይ ልጅ ያነሳዋል። ውሻም ይገፋዋል።

ቀንን በተመለከተ የሰማዩ ነገር ነው ዋናው። ጭልፊት ዓመቱን ሙሉ አለ። ከመስከረም ገደማ ጀምሮ ግን ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ይጨመሩበታል፤ እስከ መጋቢት ድረስ ሰማዩ ይሞላል። አንድ ጭልፊት ከአንድ ኪሎ በታች ነው የሚመዝነው። ሁለት ሦስት ኪሎ የሆነ ዳክዬ አያነሳም። ጫጩት ግን በአንድ ውርጅብኝ ይዞ ይሄዳል፤ መሬት ላይ እንኳን አያርፍም። ያቺ ነጭ ጭንቅላት ያላት፣ ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ላይ የምትጮኸዋ ዓሣ በል ንስር ትበልጣለች። እሷም የውሃ ወፍ ትይዛለች። ሐይቅ ላይ የምትለቋቸው ዳክዬዎች ዘራቸው ትንሽ ከሆነ አስቡበት።

እዚህ ላይ የእኛው ጥፋት አለ። ዓሣ ስንገዛ አንጀቱንና ቅርፊቱን ግቢ ውስጥ እንጥላለን፤ «ዳክዬዎቹ ይብሉት» እያልን። ጭልፊት ዓሣ የሚጸዳበትን ቦታ ያውቃል። ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ ሲያስጠጉ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ አይታችኋል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍም ይመጣል። ማታ ደግሞ ሽታው ሸለምጥማጡንና ጅቡን ይጠራል። የዓሣ ትርፍራፊ ቅበሩ፣ ወይም ከግቢ አውጡ።

ጫጩቶችን ላባቸው እስኪሞላ፣ ሁለት ወር ገደማ፣ ክዳን ባለው ቦታ አቆዩ። ለዚህ ያረጀ የዓሣ መረብ ጥሩ ነገር ነው። ከአጥማጆች በርካሽ ይገኛል። ሆኖም ምረጡ። ያ የማይታየው ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ አይሁን። ወፍ አያየውም፣ ይጠላለፍበታል፣ ተሰቅሎ ይሞታል። የዳክዬ እግርም ይጠመዳል። ወፍራም ክር ያለውን ፈልጉ፤ በጣም ወጥራችሁ እሰሩት፣ ረገብ አይበል። ለትልልቆቹ መረብ አያስፈልግም። ቁጥቋጦ ወይም ዝቅ ያለ ዳስ ይበቃቸዋል። ዳክዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአንድ ዓይኑ ሰማይ ሲያይ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጭልፊቱን ከእናንተ በፊት ያየዋል። የሚሮጥበት ጥላ ብቻ ስጡት።

ውሃ ዳር አጥር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጣና ውሃ ግንቦት ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል፣ መስከረም ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል። በግንቦት አጥር የሠራ ሰው የመጨረሻውን ምሰሶ ደረቅ መሬት ላይ ተክሎ «ውሃው ድረስ አጠርኩ» ይላል። በመስከረም ምሰሶው ውሃ ውስጥ ነው። ዳክዬዎቹ ዞረው ይወጣሉ፣ አርጃኖውም ዞሮ ይገባል። ሣሩና ደንገሉም በዚያው ወር ነው የሚረዝመው። ውሻ ውስጡ ቢተኛ አታዩትም። አጥሩን ከፍ ያለ ውሃ ጊዜ አይታችሁ ነው መጨረስ ያለባችሁ። ከአጥሩ ወዲህ ያለውን ሣር ደግሞ ጥቂት ሜትር ያህል እጨዱት።

በየዓመቱ በጣም የምናጣት የምትታቀፈዋን እናት ነው። ሳታዩ ደንገል ውስጥ ወይም አጥር ስር ጎጆ ትሠራለች፣ እንቁላል ታጠራቅማለች፣ አንድ ማታ ሳትመጣ ትቀራለች። ለዚህ ነው ቁጠሩ ያልኩት። የተለመደው ዳክዬ 28 ቀን ይታቀፋል። ያ ፊቱ ላይ ቀይ ሥጋ ያለው ትልቁ ዝርያ 35 ቀን ነው። ያን ሁሉ ሌሊት መሬት ላይ ሳትንቀሳቀስ ታድራለች። አውሬ ቢመጣ እንኳን እንቁላሏን ጥላ አትሸሽም። በቀን አንዴ ለመብላትና ለመታጠብ ትወጣለች። ያኔ አድቡና ተከተሏት፤ በቀጥታ አትመለስም፣ ትዞራለች፣ ታታልላለች። ጎጆዋን ስታገኙት ሁለት አማራጭ አለ። ጨለም ሲል እሷንም እንቁላሏንም በሣጥን አንስታችሁ ዝግ ቤት ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ያለችበት ቦታ ላይ የሽቦ ቤት መድፋት። ብታነሷት አንዳንዴ ትተዋለች። እኔ ሽቦ ቤቱን እመርጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ክፈቱላት።

አንድ ነገር ደግሞ በቁጣ ልናገር። መርዝ አታስቀምጡ። ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ አጥር ጥግ የሚጥል ሰው አለ። የሚሞተው ሸለምጥማጡ ብቻ አይደለም። ያንን የበላ ውሻ ይሞታል፣ የውሻውን ሬሳ የበላ ጥንብ አንሳ ይሞታል። ከተማችን ውስጥ ቆሻሻ ላይ የምታዩት ያ ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግቧል። አንዱ ትልቁ ምክንያት መርዝ ነው። ሕጉም አለ፤ የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቷል። ሕጉን ተዉት፣ ጥቅሙንም አስቡት። አንዱን ሸለምጥማጥ ብትገድሉ ቦታው ክፍት ሆኖ አይቀርም። ሌላ ይመጣል። ቀዳዳው ግን ያው ቀዳዳ ነው።

እሺ፣ ጥያቄዎች።

«ዝይ ብናስገባስ ይጠብቃል ወይ?» ዝይ ይጮሃል፣ እንግዳ ይለያል፣ ትንንሽ ነገር ያባርራል። ለውሻና ለጅብ ግን እሱ ራሱ እራት ነው። ማታ አብሮ ይግባ።

«ውሻ ብናሳድግስ?» ከቡችላነቱ ከዳክዬዎቹ ጋር ካደገና ከተገራ ከሁሉም ይሻላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋ። ለዳክዬዎቹም ለልጆቻችሁም ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ያለ ሰው አብሯቸው አይዋል፤ ወጣት ውሻ ነውና ይጫወታል፣ ጨዋታው ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

«ሶላር መብራት አውሬ ያባርራል ይባላል።» ጥቂት ቀን ያባርራል። ከዚያ ይለምደዋል። የሚያብለጨልጭ ሲዲ ማንጠልጠልም እንደዚያው ነው። መብራቱን ግዙት፣ ግን ለእናንተ መንገድ ማሳያ ይሁን።

«ዘንዶ ቤቱ ውስጥ ብናገኝስ?» ይህን የጠየቅሽኝ እህት ከዘጌ ነሽ መሰለኝ። ይገጥማል። ዘንዶ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ አንድ ዳክዬ ይውጣል፣ ሆዱ አብጦ በገባበት መውጣት ያቅተዋል። ጠዋት ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። መርዝ የለውም፤ ግን ይነክሳል፣ ትልቅ ከሆነም ጉልበት አለው። በዱላ አትነካኩት። ልጆችን አርቁ፣ የቀሩትን ዳክዬዎች በሌላ በኩል አውጡ፣ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና ራቁ። ከደነገጠ የዋጠውን አስመልሶ ይሄዳል። ትልቅ ከሆነና ካልሄደ የቀበሌውን ሰው ወይም የግብርና ባለሙያ ጥሩ። ከዚያ የገባበትን ቀዳዳ በዚያው ቀን ድፈኑ፤ ክዳኑ ስር ጀምራችሁ ፈልጉት።